ትሬይኒ ልግባ ወይስ ጅማ ያገኘሁትን ሥራ ልያዝ?

ኪቶ መካኒካል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በመካኒካል ተመርቄያለሁ። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ቴምፖዬ (ጊዜያዊ ዲግሪዬ) በእጄ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሲቪ መላክ ነው ሥራዬ። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ባቹ በሙሉ ስለሚረባረብበት ብዙም ተስፋ አላደረግኩም ነበር። አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር መጣልኝና ግራ ገባኝ።

አንደኛው የፋብሪካ ግራጁዌት ትሬይኒ ነው። ስሙ ይቅር። ከጅማ ራቅ ይላል፤ ማደሪያ ግቢው ውስጥ አለ። ለአንድ ዓመት አራት ክፍል እያዘዋወሩ ያሠለጥናሉ፤ ክፍያው በወር 9,500 ብር። ዓመቱ ሲያልቅ ፈተና አለ፤ ያለፈ ጁኒየር ኢንጂነር ይሆናል። የሚጀምረው ጥር ላይ ነው። ያስፈራኝ ውሉ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ሦስት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለው። ደመወዝተኛ ዋስ ይፈልጋሉ። ኦሪጅናል ዲግሪዬንም እንዳስረክብ ይላሉ።

ሁለተኛው እዚሁ ከተማችን ነው። የአባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ወዳጅ የነበሩ ሰውዬ የቡና መቀሸሪያ አላቸው። ማሽኖቹን የሚከታተልና ሲሰበሩ የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ። 15,000 ብር። ውል የለም፣ ዋስ የለም፣ «ነገ ና» ነው ያሉኝ። ቡና ሊገባ ስለሆነ ቸኩለዋል።

እናቴ «ቤትህ እየበላህ፣ እየጠጣህ ሥራ» ትላለች። ከኔ በኋላ ሁለት ተማሪዎች ስላሉ የ5,500 ብሩ ልዩነት ለቤታችን ቀላል አይደለም። ዶርም አብረውኝ የነበሩት ደግሞ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ ግማሹ «ትሬይኒ እኮ ሎተሪ ነው» ይላል፣ ግማሹ «አራት ዓመት ልትታሰር ነው» ይላል። በትሬይኒ የጀመራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ያ አንድ ዓመት እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠራል? ግዴታ ያለበት ውልስ ይፈረማል?

ሳይት ላይ ነኝ፦

ወንድሜ፣ ምን ያሳስብሃል? 15 ሺውን ያዝ!

እኔ ሲቪል ነኝ። ትሬይኒ ምናምን ሳልል ቀጥታ ሳይት ገባሁ። የመጀመሪያ ቀን ሄልሜት ሰጡኝና «ብረቱን ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። ከዚያ ቴክ ኦፍ (ከፕላኑ ላይ የሥራውን መጠን ማውጣት)፣ ከዚያ የክፍያ ሰርተፍኬት። አሁን ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። ማንም እጄን ይዞ አላዞረኝም። ፎርማኑ ሲጮህብኝ ተማርኩ፣ አለቀ።

ደግሞ ኦሪጅናል አስረክብ የሚል ድርጅት እኔ በጭራሽ አይዋጥልኝም። አምስት ዓመት የተማርክበትን ወረቀት ሰው መሳቢያ ውስጥ ከተህ እንቅልፍ ይወስድሃል?

ቦይለር ቤት፦

ሰላም ወንድሜ። እኔም የኪቶ ልጅ ነኝ፤ በ2007 በመካኒካል ወጣሁ። ፋብሪካ በትሬይኒነት ገብቼ ዛሬ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስለዚህ ለትሬይኒ ባደላ አይግረምህ። የማደላው ግን ለሁሉም አይደለም።

ተማሪ እያለን ጊቤ አንድን ጎብኝተናል። 184 ሜጋ ዋት የሚለውን ደብተራችን ላይ ጻፍን፣ የወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለትን እንደሚያንቀሳቅስ ሰማን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ኢንተርንሽፑም የአንድ ሴሚስተር ነው፤ መላመድ ስትጀምር ያልቃል። እንደኛ ከትምህርት ገበታ ቀጥታ የሚመጣ መካኒካል በእጁ የነካው ማሽን ጥቂት ነው። ጥሩ ትሬይኒ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ኃላፊነቱ ገና በሌላ ሰው ትከሻ ላይ እያለ አንተ ማሽኑን ትፈታለህ።

እኔ የጀመርኩት ዩቲሊቲ ላይ ነው። ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ የውሃ ማጣሪያ። የያዙኝ የቦይለር ኦፕሬተር ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ዲግሪ የላቸውም። ቴርሞዳይናሚክስ ተምሬ መጥቻለሁ፤ ብሎውዳውን፣ ማለትም የቦይለሩን ውሃ የሚጥለው ቫልቭ፣ በየሺፍቱ ለምን እንደሚከፈት ግን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ በውስጡ የነበረው ጨው እዚያው ይቀራል። በጊዜው ካልተጣለ ቱቦው ላይ ይጋገራል። የተጋገረ ቱቦ ሙቀቱን ለውሃው በደንብ አያሳልፍም። ነዳጅ ይበላል፤ ቱቦው ራሱም ከልክ በላይ ግሎ ይበላሻል። «ልጄ፣ ይቺን ቫልቭ የዘለለ ሺፍት ዕዳውን ለቀጣዩ ነው የሚያወርሰው» ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ቫልቭ ጋ ነው የምወስደው።

ቀጥሎ ስቶር መደቡኝ። ኢንጂነር ስቶር ምን ይሠራል ብዬ አኩርፌ ነበር። የስቶር ሠራተኛዋ አንድ 6205 የሚል ቤሪንግ አንስታ «ይሄ ስንት ሚሊ ዘንግ ላይ ይገባል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 ማባዛት ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር። 6308 ከሆነ 40 ነው። የቤሪንግ ዕድሜ የሚሰላበትን ቀመር በቃሌ አውቀው ነበር፤ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ግን የተማርኩት ከሷ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ይመስላል። ሌሊት ማሽን ቆሞ መለዋወጫ ስትፈልግ ነው ዋጋው የሚገባህ።

ወርክሾፕ ላይ ደግሞ አንድ ፓምፕ ነበር፤ ቤሪንጉ እየተቃጠለ ያስቸገረ። ይቀየርለታል፣ ደህና ይሠራል፣ ብዙም ሳይቆይ መጮህ ይጀምራል። የወርክሾፑ ኃላፊ ዳያል ጌጅ (ትንሽ ልዩነት የሚለካ መሣሪያ) ሰጠኝና «ሞተሩና ፓምፑ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ለኪ» አለኝ። አልነበሩም። የሞተሩ እግር ሥር ሺም (ስስ ቆርቆሮ) አስገብተን አስተካከልነው፤ ቤሪንጉም ከዚያ በኋላ ዕድሜ አገኘ። ነገሩ ከባድ ሆኖ አይደለም። ግን ምርት ቆሞ፣ ፕሮዳክሽን ስልክ እየደወለበት፣ ያ ሰው ጌጁን ከእጄ ነጥቆ ራሱ አልለካም። እስክጨርስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ። ሥልጠና የምልህ ያንን ሰውዬ ነው።

አራተኛው ክፍል ፕላኒንግ ነበር። ኤክሴል ነው፤ እሱን ትለምደዋለህ።

እና ሁሉም ትሬይኒ ትሬይኒ አይደለም ያልኩህ ለዚህ ነው። ሰው የጎደለበት ሺፍት ላይ አስገብተው ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚረሱህ ቦታ አለ። አንዱ ጓደኛዬ አንድ መሙያ ማሽን አጠገብ ቆሞ ጠርሙስ ሲያቃና ነው ዓመቱ ያለቀው። ማስታወቂያው ግን ከኔ ጋር ቃል በቃል አንድ ነበር። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ደውል። የአራቱ ክፍሎች ፕሮግራም ከነቀኑ በወረቀት አለ ወይ በላቸው። በየክፍሉ የሚይዘኝ ማን ነው በላቸው። ሎግቡክ (የሠራኸውን የምትመዘግብበት ደብተር) ካለ ማን እንደሚፈርመው ጠይቅ። መልሱ «ስትመጣ ታያለህ» ከሆነ ቡናውን ቀሽር። ከተቻለህ ደግሞ ካቻምና የገባ ትሬይኒ ፈልገህ አናግር፤ ከኪቶ የሄደ አንድ ሰው አይጠፋም።

ስለ ግዴታው፣ እኔም ነበረብኝ። ግዴታ መኖሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ አሠልጥነውህ በሳምንቱ ሌላ ቦታ እንዳትሄድባቸው ነው። የሚታየው አከፋፈሉ ነው። የኔ በሠራሁ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ ነበር፤ ግማሹን ካገለገልኩ የምከፍለው ግማሹን ነው። ያንተ ውል መጨረሻው ወር ላይ ብትወጣም ሙሉውን ክፈል የሚል ከሆነ አትፈርም። የብሩም መጠን በቁጥር ይጻፍ። «ድርጅቱ ያወጣው ወጪ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ውል ነገ ስንት እንደሚሆን አንተም አታውቅ፣ ዋስህም አያውቅ።

ኦሪጅናሉን በተመለከተ ደግሞ ሳይት ላይ ነኝ ያለው ልክ ነው። ለነገሩ ኮስት ሼሪንግህን ሳትጨርስ ኦሪጅናሉ ባንተም እጅ አይገባ። ዋስ እያለ ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ረጋ ብለህ ጠይቃቸው። አንዳንዱ ይለሳለሳል።

ፔሮል፦

ሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው፤ ጠበቃ አይደለሁም። ቦይለር ቤት ቴክኒኩን ጨርሳዋለች፤ እኔ ወረቀቱን ልጨምር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የውሉን ርዕስ እይ። «የሥልጠና ውል» ነው ወይስ «የሥራ ውል»? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ከለማማጅነት ውጪ ያለ የማስተማርና የማሠልጠን ውልን አይሸፍንም። ስለዚህ በሥልጠና ውል ስትገባ ዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ስንብት ምናምን የምትላቸው ነገሮች ውሉ ላይ ካልተጻፉ እንዳሉ አትቁጠር።

የሥራ ውል ከሆነ ደግሞ ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ዓመቱን ሙሉ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» የሚል አለቃ ካጋጠመህ ይህን ያዝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ልምዱ ይቆጠራል ወይ? ማስታወቂያዎቹ ላይ «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» የሚለውን አይተህ ታውቃለህ። ዋናው እሱ ነው። 9,500ው በፔሮል የሚወጣ፣ የሥራ ግብር የሚቆረጥበት፣ ጡረታም ካንተ 7 በመቶ ከነሱ 11 በመቶ የሚገባበት ከሆነ ዓመቱ በሰነድ ይታያል። የኪስ ገንዘብ ብለው በፔቲ ካሽ የሚሰጡህ ከሆነ ደብዳቤው «ሠልጥኗል» ይላል፤ ቀጣዩ ቀጣሪ 0 ዓመት ብሎ ሊያልፍህ ይችላል። ተቆራጭ ስላለ አትዘን።

ይኸው ነገር የቡናውንም ሥራ ይመለከታል። ሰውዬው የአባትህ ወዳጅ ናቸው፤ ደግ ሰው ይሆናሉ። ግን ያለ ወረቀት ሦስት ዓመት ብትሠራ ሦስት ዓመትህን የሚመሰክርልህ ሰፈሩ ብቻ ነው። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ አዋጁ ይላል። ስትለቅም፣ ከዚያ በፊት ስትጠይቅም፣ የሠራኸውን ሥራ፣ ዘመኑንና ደመወዝህን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለህ። በአክብሮት ንገራቸው። «ጋሼ፣ ለወደፊቴ ስለሚያስፈልገኝ ነው» ብትላቸው የሚቀየሙህ አይመስለኝም።

ሳይት ላይ ነኝ፦

እሺ፣ ይሄ ግብር የተከፈለበት የሚለው ነገር እኔንም አቃጥሎኛል። የመጀመሪያው ተቋራጭ በጥሬ ነበር የሚከፍለኝ። ዓመት ከምናምን ሠርቼ አንድ ቀን አልተቆጠረልኝም። 15 ሺ ያልኩትን አላነሳም፤ ግን ወረቀት አስጽፍ።

አባ መፈልፈያ፦

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የቡና ማሽን ስጠግን ነው የኖርኩት፤ አጋሮ፣ ሊሙ፣ ጅማ፣ ያልዞርኩበት የለም። ስለ ሁለተኛው ሥራህ የሚናገር ጠፋ ብዬ ነው።

የመቀሸሪያ ሥራ አትናቀው። ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና ማለቴ ነው፣ እርጥበቱ 11፣ 12 በመቶ ገደማ ላይ ደርሶ ነው መቀሸር ያለበት። ረጥቦ ከመጣ ማሽኑን ይይዘዋል፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ፍሬው ይሰባበራል። ክፍተቱን ብታጠብቀው ቡናውን ይሰብርብሃል፣ ያግለዋል። ብታላላው ገለባው ሳይለቅ ያልፋል። በቀን ውስጥ ሦስት አራት ገበሬ የተለያየ ቡና ያመጣልሃል፤ ለእያንዳንዱ ጆሮህን ሰጥተህ ማስተካከል ነው። ቀበቶ፣ ፑሊ፣ ቤሪንግ፣ ሞተር፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ሁሉም አንተ ላይ ነው። ብዙ ታውቃለህ።

ችግሩ ከበላይህ ማንም የለም። የማታውቀው ነገር ሲመጣ የሚነግርህ የለም። ወቅቱ ካለፈ ደግሞ ማሽኑ ይቆማል፤ ክረምቱን ግሪስ እየቀባህ ታሳልፋለህ። ያኔ 15 ሺው ይቀጥላል ወይ? እሱን ጠይቅ። ያልተነገረህ እንዳይሆን።

ሌላው፣ ጥቅምት የሚለቀመው እሸቱ ነው። ጀንፈሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ መቀሸሪያ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ሰውየው አሁን የቸኮሉት ማሽኑ ተፈትቶ እንዲታይላቸው ነው። ትሬይኒው ጥር ነው አላልክም? እስከዚያ ሂድና ማሽኑን አዘጋጅላቸው፣ አስነሳላቸው። ግን ጥር ላይ ልሄድ እችላለሁ ብለህ ከወዲሁ በግልጽ ንገራቸው። የአባትህ ወዳጅ ናቸው፤ ሥራው መሀል ላይ ጥለሃቸው ብትሄድ ሰፈር ውስጥ እናትህ ናት የምታፍረው።

ኪቶ መካኒካል፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፋብሪካው ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ መጀመሪያ «ስትመጣ ይነገርሃል» ስትለኝ ቦይለር ቤት ትዝ አለችኝና ልዘጋው ነበር። ከዚያ ወደ ሥልጠና ኃላፊው አገናኘችኝ። ሰውዬው ፕሮግራሙን በኢሜይል ላከልኝ፤ ዩቲሊቲ፣ ፕሮዳክሽን፣ ወርክሾፕ፣ ኳሊቲ፣ ከነቀኑ። በየክፍሉ የሚይዘን ሰው የሥራ መደቡ ተጽፏል። ክፍያው በፔሮል ነው፤ ግብርም ጡረታም ይቆረጣል አለኝ። 9,500ው ሳይቆረጥ ነው ማለት ነው፤ እሱ ትንሽ አሳዘነኝ።

ግዴታው በየወሩ ይቀንሳል አለኝ። ውሉ ላይ ግን እንደዚያ አይልም። «ተጽፎ ካልሆነ አልፈርምም» አልኩት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ለሕግ ክፍል አቀርባለሁ ብሏል። ኦሪጅናሉን አልተውም አሉ፤ ዋስም ኦሪጅናልም። እዚያ ላይ ገና አልተስማማንም።

የቡናው ሰውዬ ጋ ደግሞ ትናንት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አባ መፈልፈያ እንዳሉት ነው። ሳቁና «እኔስ ማሽኑን ለኅዳር ብታደርስልኝ መች ጠላሁ» አሉ። ወረቀትም እጽፍልሃለሁ ብለዋል። ሰኞ እጀምራለሁ። ለክረምቱ ስለ ደመወዙ ስጠይቃቸው ግን ወሬውን ወደ ቡና ዋጋ ቀየሩት።

እናቴ አሁንም ፊቷን እንዳጠቆረች ናት። ዋስ የሚሆነኝ አጎቴ አለ፤ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። የግዴታውን ነገር ሳይጨርሱ ደብዳቤ እንዳታጽፍ ብዬዋለሁ። ቱታና ሴፍቲ ጫማስ ልግዛ ወይስ ይሰጣሉ?

ፔሮል፦

ጎበዝ! ሕግ ክፍሉ የሚያሻሽለውን አንቀጽ አጎትህም ያንብበው። የሚፈርመው እሱም ነው።

ኦሪጅናሉ ላይ ካልተስማሙ ቢያንስ በተፈረመና ማኅተም ባለው ደረሰኝ ተረክበናል ይበሉ። ግዴታው ሲያልቅ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመልሱም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ቦይለር ቤት፦

ቱታና ጫማ ይሰጣሉ፤ ብርህን አታባክን። ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ) ግን የራስህ ይኑርህ። የወርክሾፑን ስትዋስ ሁሌም ሌላ ሰው ይዞታል። ደህና ካሊፐር ጅማ ካጣህ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ላክ።

ፕሮግራሙ ላይ ስቶር የለም። ዩቲሊቲ እያለህ ምሳ ሰዓት ላይ ራስህ ሂድ፤ ማንም አይከለክልህም። ከአራቱ እኔ የማላውቀው ኳሊቲን ነው፤ ስትደርስበት ምን እንደሚያሠሩህ ጻፍልኝ።

ሰኞ መቀሸሪያውን ስትፈታ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቤሪንግ ላይ ቁጥሩን ገልብጥ።